ሳይንስ ወዳዱን ልጅ ከክርስቲያን ኮሌጅ ለምን እናርቀዋለን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ በምንኖር ሐበሻ ወላጆች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ፍሬ ነገሩ፣ ልጃችሁ ሳይንስ ወይም ሂሳብ መማር ከፈለገ ክርስቲያን ኮሌጅ አታስገቡት የሚል ነው። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ያቀርባሉ። እዚያ በሳይንስ ፋንታ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚያስተምሩት፤ ሂሳብ ሃይማኖት ስለሌለው፣ ቤተ ክርስቲያንም ከቀመር ጋር ስለማትገናኝ፣ ለዚያ ገንዘብ ማውጣት ኪሳራ ነው፤ ዲግሪውን የሚቀበል የለም፤ ኮሌጆቹ ትንንሽ ስለሆኑ ቤተ ሙከራና ምርምር የላቸውም፤ የኮሌጁን የእምነት መግለጫ፣ ማለትም የሚያምንበትን የሚዘረዝር ሰነድ፣ የፈረመ መምህር እውነትን በነፃነት ሊመረምር አይችልም፣ በአገራችንም ዘመናዊ ሳይንስ የገባው ሃይማኖት ወደ ጎን በመተዉ ነው፤ በመጨረሻም፣ ልጁ ለእምነቱ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ይበቃዋል ይላሉ።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ለልጆቻችን ተቆርቁረው እንደሆነ ከአነጋገራቸው ይታያል። እኔም የሐበሻ ልጆችን ሂሳብ ስለማስጠና፣ የኮሌጅ መምረጫው ጊዜ ሲደርስም ከወላጆቻቸው ጋር ስለምመካከር ነገሩ በጣም ያሳስበኛል። ይህን ጽሑፍ ያመነ አባት ልጁ ያገኘችውን ጥሩ ዕድል ሳያየው «አይሆንም» ሊላት ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

በሳይንስ ፋንታ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራሉ ስለሚለው

ጸሐፊው በአንድ ስም የጠሯቸው ተቋማት እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ። ኢንዲያና ያለው የካቶሊኮቹ ኖትርዳም፣ ሚሺጋን ያሉት ካልቪንና ሆፕ፣ ከቺካጎ አጠገብ ያለው ዊተን፣ ቨርጂኒያ ያለው ሊበርቲ፣ ሁሉም ክርስቲያን ነን ይላሉ። ስለ ምድር ዕድሜና ስለ ዝግመተ ለውጥ ግን የሚያስተምሩት አንድ አይደለም። ሊበርቲ የምድር ዕድሜ በሺዎች ዓመታት ብቻ የሚቆጠር ነው የሚለውን አቋም ይዟል። ዊተን በእምነት መግለጫው እግዚአብሔር አዳምና ሔዋንን በቀጥታ እንደፈጠራቸው፣ የሰው ዘር ሁሉ ወላጆችም እንደሆኑ ያስቀምጣል፤ በጂኦሎጂ ክፍሉ ግን ተማሪው የሚያጠናው በቢሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር የምድር ታሪክ ነው። ካልቪን ዘንድ ዝግመተ ለውጥ የባዮሎጂው ትምህርት መደበኛ አካል ነው። በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጉዳዩ የክፍል ውስጥ ጠብ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጽንፈ ዓለሙ እየሰፋ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1927 በቀመር ያሳየው ጆርጅ ለሜትር ቄስ ነበር፤ ያስተምር የነበረውም በሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከዚህም ጠለቅ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል፤ አንዱ ኮሌጅ ራሱ በአንዱ ትምህርት ደካማ፣ በሌላው ብርቱ ሊሆን ይችላል። ኦሃዮ ያለው ሴዳርቪል የፍጥረትን ስድስት ቀናት ቃል በቃል የሚወስድ ተቋም ነው፤ ጂኦሎጂውንም በዚያው ዓይን ያስተምራል። ድንጋይና የምድር ታሪክ የሚወድ ልጅ እዚያ ይሂድ አልልም። የዚያው ኮሌጅ ምህንድስና ግን ኤቤት ከሚባለው የምህንድስና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ድርጅት ዕውቅና ያገኘ ነው። ድልድይ የሚሸከመው ክብደት ሲሰላ የምድር ዕድሜ ጥያቄ አይነሳም።

ስለዚህ ወላጅ የኮሌጁን የኮርስ ዝርዝር ያውጣና የባዮሎጂውን ክፍል ያንብብ። ዝግመተ ለውጥ ራሱን ችሎ በኮርስነት ይሰጣል? ጄኔቲክስ የሚያስተምሩት መምህር ዶክትሬታቸውን የት አገኙ? ምን አሳትመዋል? ይህ ሁሉ በግልጽ የተቀመጠ መረጃ ነው፤ የአንድ ምሽት ንባብ ይበቃዋል።

ሂሳብ ሃይማኖት የለውም ስለሚለው

እዚህ ላይ በግማሽ እስማማለሁ። የፓይታጎረስ ቴዎረም በቤተ ክርስቲያን ኮሌጅም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ያው ነው። ክርስቲያን ካልኩለስ የሚባል ነገር የለም፤ አለ ብሎ የሚያስተዋውቅ ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ራቁት።

ቤተ ክርስቲያን ከቀመር ጋር አትገናኝም የሚለው ግን ከኢትዮጵያዊ ብዕር መውጣቱ አሳዝኖኛል። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌቱን፣ ማን ጠብቆ አቆየልን? የ2018 ዓ.ም. በዓላትና አጽዋማት እንዴት እንደወጡ እንይ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ ነው፦ 132 ሲገደፍ 12። በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ፦ 228 ሲገደፍ 18። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበ ተጨማሪ ቁጥር) 7 ሲደመርበት 25 ይመጣል። በዚህም መሠረት ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ገባች፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ላይ ይደርሳል።

አሁን ለአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን አሳዩትና፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ለምን ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ ብላችሁ ጠይቁት። ጥቂት ካሰበ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፣ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን ድምሩ ለ30 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል ይደርስበታል። ይህ በዩኒቨርሲቲ የቁጥር ቲዎሪ ኮርስ መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው የቀሪዎች ስሌት ነው። ለዚህ ስሌት ዛሬ የምንጠቀምበትን መልክ እ.ኤ.አ. በ1801 የሰጠው ጋውስ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያሳተመው የፋሲካን ቀን ማውጫ ቀመር ነበር። ሊቃውንቶቻችን ለዘመናት በቃላቸው የሠሩት ስሌትና የአውሮፓው ታላቅ የሂሳብ ሰው ያተኮረበት ጥያቄ አንድ ነበሩ፤ ሁለቱንም ወደ ቁጥር የወሰዳቸው የፋሲካ በዓል ነው።

ሂሳብን በክርስቲያን ኮሌጅ መማር ምን ይጨምራል ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ እዚህ ይጀምራል። የቴዎረሙ ማረጋገጫ አይለወጥም፤ ከማረጋገጫው በኋላ ግን ተማሪው የሚጠይቀው አለ። ቁጥር ሰው የፈጠረው ነው ወይስ ሰው ያገኘው? በወረቀት ላይ ብቻ የታሰበ ቀመር በኋላ ዓለምን የሚገልጸው ለምንድን ነው? ከአንድ በላይ የሆነ ወሰን የለሽነት አለ ማለት ምን ማለት ነው? የሂሳብ ሊቁ ጆርጅ ካንቶር ስለ ወሰን የለሽ ስብስቦች ባሰበ ጊዜ ከካቶሊክ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጋር፣ ከካርዲናል ፍራንዘሊን ጭምር፣ ደብዳቤ ተጻጽፏል፤ ጥያቄው የእነርሱም እንደሆነ ያውቅ ነበርና። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ክፍል እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት የሚከለክል የለም፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሳቸውም የለም፤ ወደ ፍልስፍና ክፍል ሂድ ይባላል። በብዙ ክርስቲያን ኮሌጆች ግን በመጨረሻው ዓመት ሴሚናር የሂሳብ መምህሩ ራሱ ያነሳቸዋል። በሂሳብ ሙያ የተሰማሩ ክርስቲያን መምህራን እ.ኤ.አ. በ1977 በዊተን ጉባኤ አድርገው ነበር፤ በማኅበራቸውም ዛሬም ይሰበሰባሉ።

ደግሞም እንዲህ ያለ መምህር ተማሪውን ከመጥፎ ክርክር ያድነዋል። በየስብከቱ ኩርት ጎደል የተባለው የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ቴዎረም የእግዚአብሔርን መኖር አረጋገጠ ሲባል እሰማለሁ። አላረጋገጠም። ቴዎረሙ ተራውን የቁጥር ሂሳብ መሸከም ስለሚችሉና እርስ በርሳቸው ስለማይጋጩ የቀመር ሥርዓቶች የሚናገር ነው። ይህን ስህተት አንድ አማኝ ወጣት ከማያምን ፕሮፌሰር ሲሰማው እምነቱ የተነቀፈ ይመስለዋል፤ አብሮት ከሚጸልይ የሂሳብ መምህር ሲሰማው ግን እርማት ሆኖ ይገባዋል።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ፦ የግል ኮሌጅ ለሁሉም የሚያሳየው ዋጋና አንድ ቤተሰብ በመጨረሻ የሚከፍለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። የእርዳታው ደብዳቤ ሳይመጣ አይወሰን። ከመጣ በኋላ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ በብዙ የሚረክስ ከሆነና ልጁ ከባድ ብድር ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ስቴቱን ይምረጥ፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

ዲግሪውን የሚቀበል የለም ስለሚለው

ይህ ስህተት ነው፤ ለወላጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ይኸው ስለሆነ በግልጽ ልናገር። ለካልቪን፣ ለሆፕና ለዊተን ዕውቅና የሚሰጠው ሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን ነው። ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሚሺጋንና ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎም ዕውቅና የሚሰጠው ይኸው ኮሚሽን ነው። የካልቪን ምህንድስና የኤቤት ዕውቅና አለው።

ታሪኩንም እንይ። አርተር ኮምፕተን በዚያን ጊዜ የፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ከነበረው ከዉስተር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1913 ተመርቆ ፕሪንስተን ገባ፤ በ1927 የፊዚክስ ኖቤል አገኘ። ከዚያው ኮሌጅ የወጣው ወንድሙ ካርል ኮምፕተን የኤምአይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ዊሊያም ፊሊፕስ ብሬዝረን በሚባሉት ክርስቲያኖች ከተመሠረተው ከጁኒያታ ኮሌጅ በ1970 ተመርቆ ኤምአይቲ ሄደ፤ በ1997 በፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ፒተር አግሬ ሚኒያፖሊስ ካለው የሉተራኖች ተቋም ከኦግስበርግ በ1970 ኬሚስትሪ ጨርሶ በጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ተማረ፤ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጠው። ኦግስበርግ የሚገኘው በሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ነው፤ የሚኒሶታ ሐበሾች በየቀኑ በበሩ ያልፋሉ። አራት ሰዎች ስለ ሁሉም ኮሌጅ ጥራት አይመሰክሩም፤ ከእነዚህ ኮሌጆች አንዳንዶቹም ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያላቸው ግንኙነት ላልቷል። ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና ሆፕኪንስ ግን ከክርስቲያን ኮሌጅ የመጣውን ተማሪ እንደተቀበሉ ያሳያሉ፤ ጸሐፊው የካዱት ይህንኑ ነው።

ልጃቸው ሐኪም እንድትሆን ለሚመኙ ወላጆች አንድ ተጨማሪ ስም ልንገራቸው፦ ኒው ኦርሊንስ ያለው ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ። ካትሪን ድሬክስል በተባለች መነኩሲት የተመሠረተ ነው፤ ከአሜሪካ ታሪካዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ካቶሊካዊው እሱ ብቻ ነው። ትንሽ ሆኖ ሳለ በሕክምና ዶክተርነት የሚመረቁ ጥቁር ተማሪዎችን በማፍራት ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል።

ጸሐፊው ሊያስጠነቅቁበት የሚገባ ነገር ግን አለ። ዋና ሥራቸው አገልጋይ ማፍራት የሆነ፣ ዕውቅናቸውም ከሌላ ዓይነት ድርጅት የሆነ ወይም ጭራሽ ዕውቅና የሌላቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከእነርሱ የተወሰደ ክሬዲት ሌላ ቦታ ላይያዝ ይችላል። ለሳይንስ ተማሪ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው።

ቤተ ሙከራና ምርምር የላቸውም ስለሚለው

በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ በመቶዎች በሚቀመጡበት አዳራሽ ይሰጣል፤ በቤተ ሙከራ ተማሪውን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ፕሮፌሰሩ ምርምር አለው፤ የምርምሩ እጆች ግን የዶክትሬት ተማሪዎቹ ናቸው። የዶክትሬት ተማሪ በሌለበት ኮሌጅ ግን ፕሮፌሰሩ ምርምሩን የሚሠራው ከቅድመ ምረቃ ተማሪው ጋር ነው፤ ሌላ ሰው የለውም። ሆፕ ኮሌጅ በዚህ የታወቀ ነው፤ የአተም ቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ ሳይቀር አለው፤ እሱን የሚያንቀሳቅሱትም የባችለር ተማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው ሪቻርድ ስሞሊ የኮሌጅ ትምህርቱን የጀመረው እዚያ ነበር። ሚኒሶታ ያለው የሉተራኖቹ ሴንት ኦላፍ በሂሳብ ተመራቂዎቹ ብዛት ስሙ የሚነሳ ኮሌጅ ነው።

በሂሳብ በኩል ግን ትንሽ ክፍል የሚያስከፍለውን ዋጋ መደበቅ አልፈልግም። ሪል አናሊሲስና አብስትራክት አልጄብራ የሚባሉት ከፍተኛ የሂሳብ ኮርሶች በየዓመቱ ላይሰጡ ይችላሉ፤ ቶፖሎጂ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ዶክትሬት የሚመኝ ተማሪ አንዱን ኮርስ በወቅቱ ካላገኘ ማመልከቻው ይጎዳል። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት የሁለት ዓመት የኮርስ መርሐ ግብር ይጠይቅ፤ ክረምቱንም በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ወደሚሰጠው የቅድመ ምረቃ ምርምር ፕሮግራም ያመልክት። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የድኅረ ምረቃ ኮርስ ለመውሰድ የደረሰ ልጅ ካለ ቦታው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የእምነት መግለጫ የፈረመ መምህር ነፃ አይደለም ስለሚለው

ከጸሐፊው ነጥቦች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ቴነሲ ያለው ብራያን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አዳምና ሔዋን በመግለጫው ላይ ማብራሪያ ሲጨምር መምህራን ሥራቸውን ለቀው ወጥተዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የካልቪኑ የፊዚክስ መምህር ሃዋርድ ቫን ቲል ስለ ፍጥረትና ስለ ሥነ ፈለክ በጻፉት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተመርምረዋል፤ ኮሌጁ ግን አላባረራቸውም፣ ማስተማራቸውን ቀጥለዋል። ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የምረዳው፣ ጫናው እውነት እንደሆነና ኮሌጆቹም እንደየጠባያቸው እንደሚመልሱለት ነው። ወላጅ መግለጫውን ያንብብ፤ ስለ ሳይንስ የሚወስነው ነገር ካለ፣ መምህራኑ ሲለያዩበት ምን እንደሚደረግ በግልጽ ይጠይቅ።

ጸሐፊው የአገራችንን ታሪክ በምስክርነት መጥራታቸው ግን ተቃራኒውን ያሳያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባል) ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ኮሌጁ የመንግሥት ነበር፤ ኢየሱሳውያኑም የመጡት ሊያስተምሩ እንጂ ሊሰብኩ አልነበረም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሰዎቹ የዕድሜ ልክ መሐላ የገቡ መነኮሳት ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ፒዬር ጉዌን ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከ1957 እና 1958 ጋር ተያይዞ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ፤ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቦታው ለሳይንሱ ብርቅ ነበር። በ1961 ማጀቴን ያፈራረሰውን የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ አጠኑ፤ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክም ሰብስበው በ1979 አሳተሙ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ ሲንቀጠቀጡ መረጃ ስንጠብቅበት የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት ከዚያ ኦብዘርቫቶሪ የበቀለ ነው። የጉዌን መሐላ የሴይስሞግራፉን፣ የመንቀጥቀጥ መለኪያውን፣ ንባብ አላዛባውም።

እሑድ ይበቃዋል ስለሚለው

ልጆቻችን ጥያቄ የሚመጣባቸው ማክሰኞ ከሰዓት በባዮሎጂ ክፍል ነው። የሰውና የቺምፓንዚ ዘረመል ተመሳሳይነት በሰሌዳ ላይ ሲታይ፣ ልጁ ቤት የተማረውን ያስታውስና ዝም ይላል። መምህሩ ስለ እምነት መናገር ሥራው አይደለም። እሑድ አባን ወይም ፓስተሩን ቢጠይቅ፣ ስለ ዘረመል የመመለስ ግዴታ የለባቸውም፤ ብዙዎቹም በትሕትና «በርታ፣ ጸልይ» ይሉታል። ስለዚህ ልጁ ሁለት ሰው ሆኖ መኖር ይለምዳል፤ ጥቂት ቆይቶም አንዱን ይጥላል። ሳይንሱን የጣሉ አይቻለሁ፤ እምነታቸውን የጣሉ ደግሞ ይበልጥ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ሁለቱን አብሮ የያዘ አንድም አዋቂ ሰው በቅርብ አላዩም። ጥሩ ክርስቲያን ኮሌጅ የሚሰጠው ያንን ሰው ነው፦ ጠዋት ስለ ዘረመል የምታስተምር፣ ቢሮዋ የሚያንኳኳውን ተማሪ ደግሞ «እኔም በዚህ ጥያቄ አልፌያለሁ፣ ተቀመጥ» የምትል ፕሮፌሰር።

ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። እነዚህ ኮሌጆች አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ናቸው፤ ልጁ የራሱን ሥርዓት እዚያ አያገኝም። ዊተን ተማሪዎቹን የአኗኗር ቃል ኪዳን ያስፈርማል፣ የጸሎት ጉባኤውም ግዴታ ነው፤ ካልቪን ዘንድ ጉባኤው በፈቃድ ነው። በአቅራቢያው ቅዳሴ የሚደርስበት ቤተ ክርስቲያን መኖሩን፣ በጾም ወራት የካፌው ምግብ ምን እንደሚመስል ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። እነዚህ ነገሮች ልጁ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚኖራቸው ናቸው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፋቸው ውስጥ የአንድም ኮሌጅ ስም የለም። የትኞቹን አይተው፣ የየትኛውን የትምህርት ክፍል የኮርስ ዝርዝር አንብበው እንደጻፉ በስም ቢነግሩን እኛ ወላጆችና አስጠኚዎች በእያንዳንዱ ላይ ልንነጋገር እንችላለን። ከሚጠሯቸው አንዳንዶቹ ላይ ከእሳቸው ጋር እንደምስማማ እገምታለሁ።